ኪያ ምግብ ሲጀምር

ኪያ ጠግቦ አገጩን ወደ ትከሻው አዞረ። ረድኤት ግን አልተወችውም። የጉንጩን ጥግ በጣቷ ነካ አድርጋ ሌላኛውን ጡት አጎረሰችው። የመኝታ ቤቱ በር ተዘግቷል። ሳሎን የተቀመጡት ጎረቤቶች ይሳሳቃሉ፤ አማቷ ወይዘሮ ወለተኢየሱስም ከጎባ ወደ ሮቤ በመጡበት ሚኒባስ ፔርሙዛቸውን አቅፈው እንዴት እንደተጨናነቁ ይተርካሉ። ረድኤት ወተቱ በልጁ ከንፈር ጠርዝ እስኪንጠባጠብ ድረስ አጠባችው። ሁልጊዜ እንደምታደርገው ትከሻዋ ላይ አስደግፋ አላስገሳችውም። አፉን ጠርጋ፣ ፀጉሯን አስተካክላ ይዛው ወጣች።

ኪያ ስድስት ወር ሞልቶት ዛሬ ምግብ ይጀምራል። በባሏ ቤተሰብ የልጅን የመጀመሪያ ምግብ የምታቀምሰው የአባት እናት ናት፤ ወይዘሮ ወለተኢየሱስም ያላስጀመሩት የልጅ ልጅ የለም። ረድኤት ራሷ ደውላ ስትጠራቸው ደስታቸውን አልደበቁም። ለካ ሰው ታከብሪያለሽ አሏት።

የወሊድ ፈቃዷ አልቆ ወደምትሠራበት የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ስትመለስ ልጁን የያዙላት እሳቸው ነበሩ። ጡቷን አልባ የምታስቀምጥለትን ወተት እየደፉ የላም ወተት በጡጦ ሰጡት። ይህን አይታ የነገረቻት የግቢው ጎረቤት ጁሀራ ናት፤ እስከዚያ ግን ልጁን ተቅማጥ አጣድፎት ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ድኖ ሲወጣ ሊጠይቁ በመጡት በእነዚሁ ሴቶች ፊት አማቷ፣ የእናቱ ወተት ውሃ ነው፣ ልጁን ያደረቀው እሱ ነው አሉ። ባሏ ጌታነህ አቀርቅሮ ስልኩን ነካካ። ረድኤት ትሪ ይዛ ቆማ ነበር። ሻዩን ቀዳች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስትተኛም ስትነሣም መልሷን ስታዘጋጅ ከረመች። እየቆየ መልሱ ቃል መሆኑ ቀረ። የጠገበ ሕፃን በማንም እጅ አፉን እንደማይከፍት ታውቃለች።

ጠረጴዛው ላይ ያሰናዳችው ገንፎ አለ፤ የገብስና የሽምብራ ዱቄት በወተት ተገንፍቶ፣ የተቀቀለ ካሮትና የእንቁላል አስኳል ተደፍጥጦበታል። ማንኪያው ሲዘነበል የማይፈስ፣ ለስላሳ ገንፎ ነው። ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ሳህኑን ጠጋ ብለው አዩት።

"ይሄማ የኮምባይነር ሹፌር ምሳ ነው" አሉ።

ሴቶቹ ሳቁ። አሮጊቷ ፔርሙዛቸውን ከፍተው ቀጭን አጥሚታቸውን በስኒ ቀዱ። ረድኤት፣ እርስዎ እንዳሉ ይሁን ብላ ልጁን ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።

ኪያ አያቱን ያውቃል፤ ሳቀላቸው። ማንኪያው ሲቀርብ ግን ከንፈሩን ገጠመ። ምላሳቸውን እያጮሁ አባበሉት። ሁለተኛው ማንኪያ በአገጩ ወርዶ አንገቱ ውስጥ ገባ። በሦስተኛው ፊቱን ቀሚሳቸው ውስጥ ቀበረ።

"ወላሂ፣ ይሄ ልጅ ከእርስዎ ጋር ተኳርፏል" አለች ጁሀራ።

ጤቤ የምትባለው ሌላዋ ጎረቤት ደግሞ ጡጦው ትዝ ብሎት ይሆናል ስትል ሳቁ እንደገና ተነሣ። ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ግንባራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ረድኤት በሩን ተደግፋ ተመለከተቻቸው። ጣፈጣት።

ጁሀራ ልጁ ጠብቶ እንደሆነ ጠየቀች።

"ከጠዋት ጀምሮ አልጠባም" አለች ረድኤት። "እርስዎን ብዬ እኮ ነው ያስራብኩት፣ እማማ።"

አሮጊቷ ማንኪያውን አስቀመጡ። የራበው ልጅ እምቢ ሲል የሚያውቁት አንድ መላ ነበር። ኪያን ጭናቸው ላይ አንጋለሉት። ግራ መዳፋቸውን ከከንፈሩ ሥር እንደ አሸንዳ አጥፈው፣ በዚያው እጅ አውራ ጣት አፍንጫውን ደፍነው፣ ስኒውን አነሡ። ሊግቱት ነው።

ረድኤት ይህን አላሰበችም። የፈለገችው እምቢ ሲላቸው ሰው እንዲያይ ብቻ ነበር። አጥሚቱ ወደ ሳምባው ሊገባ እንደሚችል ታውቃለች። አንድ እርምጃ መራመድ፣ አንድ ቃል መናገር ይበቃ ነበር። ጤቤ እጇን አፏ ላይ ስትጭን፣ ጁሀራ ከመቀመጫዋ ብድግ ስትል አየች። ሁሉም እያዩ ነው። ትንሽ ይቆይ፣ አለች በልቧ። ደህና አድርገው ይዩ።

አጥሚቱ አፉ ውስጥ ሲፈስ ኪያን ትን አለው። ፊቱ ጠቆረ፤ እግሮቹ ተወራጩ፤ ከዚያ የጠጣው ሁሉ ወጣ። ወፍራም ነጭ ወተት በአያቱ ነጠላ ላይ ተዘረገፈ፤ የሚያቆም አልመሰለም። ጁሀራ ልጁን ከጭናቸው ነጥቃ ክንዷ ላይ በሆዱ ደፋችውና ጀርባውን መታ መታ አደረገችው። "ኢልመ ኮ፣ ኢልመ ኮ" እያለች በቋንቋዋ ልጄ፣ ልጄ ትለዋለች። ቆይቶ አለቀሰ።

ማንም አልሳቀም። ወይዘሮ ወለተኢየሱስ እጆቻቸውን ፊታቸው ዘርግተው የሌላ ሰው እጅ ይመስል ያዩአቸዋል።

"እኔ ነኝ?" አሉ። "እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኩት?"

ጤቤ ስኒውን አንሥታ ፔርሙዙን ከደነች። ከእንግዲህ ልጅ እንደማይሰጣቸው ሳይነገር ተነገረ። ረድኤት የጠበቀችው ይህን ነበር። ደረቷ ውስጥ ተቋጥሮ የከረመው ሲፈታ ተሰማት፤ ፈገግታዋ እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነከሰች።

ጁሀራ ግን አሮጊቷን አላየችም። ነጠላው ላይ የፈሰሰውን ወተት፣ ብዛቱን አየች። ከዚያ ቀና ብላ ረድኤትን፣ ቀሚሷ ደረት ላይ ሳይቆለፍ የቀረውን ቁልፍ አየች።

"ስጪኝ" አለች ረድኤት እጆቿን ዘርግታ።

ጁሀራ ኪያን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረችው፤ አልሰጠቻትም።