ቀይ የሆነው በር

ፊደል ስላልቆጠርኩ ማየትም የማልችል ይመስላቸዋል። የእናቴ ሳጥን ከአልጋዬ ሥር ጠፋ ብል ልጄ ሳቀችብኝ። "እማዬ፣ ሳጥን እኮ ኖሮሽ አያውቅም" አለችኝ። ዕድሜ ልኬን ልብሴን የከተትኩበትን።

የልጅ ልጄ ለመመረቂያ ጽሑፏ ይህን የኖርኩበትን ቤት ታጠናለች። የነገርኳትን ሁሉ ኮምፒውተሯ ላይ ለየብቻው ገጽ ትሰጠዋለች፤ ለአልጋው አንድ፣ ለፍርግርግ መስኮቱ አንድ፣ ለእኔም አንድ። በዝርዝሯ ላይ ገጽ ያለው ቃል ሰማያዊ ነው። ገጹ ሲሰረዝ ቃሉ ቀይ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ያለው ሰማያዊ የእኔ ነው፤ እሷው ናት ያሳየችኝ።

ዛሬ ከምሳ በኋላ መኝታ ቤቴ ውስጥ አጠገቧ ተቀምጬ አንዱ ቃል ሲቀላ አየሁ።

"ምኑን ነው ያጠፋሽው?"

"በሩን። ለጥናቴ አይጠቅመኝም።"

"ከሱ በላይ ያለው ቀይስ?"

ጎንበስ ብላ አየችው። "ሳጥን ይላል። የምን ሳጥን እንደሆነ እንጃ።"

ከዘራዬን ይዤ ተነሳሁ። በሩ በነበረበት ቦታ ኖራ የተቀባ ግድግዳ ቆሟል። በመዳፌ ዳበስኩት፤ ስንጥቅ እንኳ የለውም። ከወዲያ በኩል ልጄ ሳህን ስታጥብ ይሰማኛል።

"እማማ፣ ግድግዳውን ምን እያደረግሽው ነው?"

"በሩን ፈልጌ ነው።"

"እዚያ ጋ እኮ በር ኖሮ አያውቅም" አለች፣ ልክ እንደ እናቷ። ጣቷን ከላይኛው ሰማያዊ ቃል ላይ አሳርፋ ታስባለች።

"እጅሽን ከእኔ ላይ አንሺ" አልኳት። "አሁን የምነግርሽን ጻፊ። በር። የእንጨት ነው፤ ወደ ውጭ ይከፈታል።"