እባክህ ዋጋ ጨምር

«ይውሰዱት እንጂ፣ እትዬ ዘርፉ!» አለ ምንተስኖት፣ መድኃኒት ያለባትን ትንሽ ቅል በሁለት እጁ ወደ ደረቷ እያስጠጋ።

ዘርፉ ወደ ኋላ ሸሸችና እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች። ባለስድስት ጣቶቹ ገበያተኞች መገበያየታቸውን ትተው ወደ ሁለቱ የአዳማ ነጋዴዎች ዞሩ። የገበያው ዳኛ ዱላውን አንስቶ ፊቱ ያለውን ድንጋይ አንድ ጊዜ መታ።

ከቡልቡላ ከተማ ጀርባ፣ ሐይቁ ዳር ባለው አለት ላይ ስንጥቅ አለ። በዚያ ሾልኮ ያለፈ ሰው ሁለት ፀሐይ ባለው ሰማይ ሥር፣ እዚህ ገበያ ላይ ይወጣል። ዘርፉ ከአዳማ የሶላር መብራት እየጫነች መመላለስ ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። ወርቃቸውን ፈልጋ አይደለም። ልጇ ኤቢሴ የሚጥል በሽታ አለባት፤ ከዚህች ቅል ከጠጣች ግን ወር ሙሉ አይጥላትም።

ቅሏ በዐሥር መብራት ነበር የምትለወጠው። ባለፈው ወር ምንተስኖት፣ አዳማ ላይ ሱቁ ከሱቋ አጠገብ የሆነው ይህ ቀልቃላ ጎረምሳ፣ ዱካዋን ተከትሎ ስንጥቁን አገኘና በሦስት ማዳበሪያ መብራት አመጣ። መብራት እንደ ጎመን ረከሰ። ዛሬ ቅሏ ሠላሳ ገባች፤ ዘርፉ የያዘችው ዐሥራ ሁለት ብቻ ነው። ያለችውም አንዲት ቅል ነበረች፤ እሷንም ምንተስኖት ምንነቷን እንኳ ሳያውቅ በሠላሳ ገዛት። ዘርፉ ስታለቅስ አይቶ ምን ሆኑ ቢላት፣ ነገረችው። ነጋዴ ቢሆንም እናት ያሳደገችው ነውና ቅሏን በነፃ ሊሰጣት ተነሣ።

መዘዙም የመጣው ከዚሁ ደግነት ነው።

እዚህ አገር የአንድ ዕቃ ዋጋ መጨረሻ የተለወጠበት ነው። በነፃ የተሰጠ ዕቃ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ለዘላለም ነፃ ነው፤ ማንም ዋጋ ሊጠይቅበት አይችልም። ዘርፉ ይህን የተማረችው በኪሳራ ነው። አምና ሃያ ክብሪት ሸጣ፣ እጇ እንደ ለመደው አንድ ምርቃት ጣል አደረገች። ሕዝቡ ማዳበሪያዋን ሙሉ ክብሪት እያመሰገነ ተከፋፈለው። ከዚያ ወዲህ ወደዚህ ገበያ አንድ ክብሪት አልገባም። ዋጋ ለሌለው ነገር ማን ይለፋል?

ቀና ብላ መድኃኒት ቀማሚዋን አሮጊት አየቻት። ከምንጣፏ ተነሥታ ቆማለች፤ ሥር ሲቆፍሩ በከረሙት ጣቶቿ የቀሚሷን ጫፍ ጨብጣለች። ቅሏ ዛሬ በነፃ ካለፈች አሮጊቷ ሁለተኛ አትቆፍርም። ኤቢሴ አንድ ወር ታገኛለች። ከዚያስ?

«ዋጋ ጥራልኝ» አለች ዘርፉ።

«ምን አሉኝ?»

«ዋጋ ጥራ! እዚህ ስጦታ የለም። በነፃ ከሰጠኸኝ ዳግመኛ የሚሠራት አይገኝም።»

«ከታመመች ልጅ እናት ዋጋ ልቀበል? እናቴ ብትሰማ ያጠባሁህ ጡት ይፋረድህ ነው የምትለኝ!»

ዱላው ሁለተኛ ወረደ። ሦስተኛው ከወረደ ስጦታው ጸና፣ መመለሻ የለውም።

«ማሎ፣ ልጄ! በእናትህ!» አለች ዘርፉ።

ምንተስኖት ዱላውን አየ፤ አፉን ይዞ የቆመውን ሕዝብ አየ። «እሺ በቃ... አንድ መብራት።»

አሮጊቷ ራሷን ያዘች።

«ጨምር!» አለች ዘርፉ።

«ሁለት።»

«ጨምርበት እባክህ!»

«እትዬ፣ ምን ነካዎት? ገዢ እንዲህ ይላል?»

ሃያ አምስት ዓመት አዳማ ገበያ ስትከራከር፣ ቀንስ ብላ ምላ ተገዝታለች፤ ጨምር ብላ ለምና አታውቅም። «በገዛህበት ሽጥልኝ! ሠላሳ በል!»

«ሠላሳ መብራት የለዎትማ!»

ዳኛው ዱላውን ከራሱ በላይ አነሣ።

«ሠላሳ በል አልኩህ!»

«ሠላሳ» አለ ምንተስኖት።

ዘርፉ ዐሥራ ሁለቱን መብራት ድንጋዩ ላይ ዘረገፈች። ነጠላዋን ጨመረች፤ ዳኛው በግራ እጁ ስድስት ጣት አሳየ። የብር ቀለበቷን በምራቋ አርሳ አወለቀች፤ ስምንት። አራት ቀረ። ዘርፉ ዙሪያዋን አየች፤ ምንም የላትም። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀችና አቧራውን አራግፋ አስቀመጠችው።

ዳኛው ጫማውን አገላብጦ አየ፤ ሶሉን በጥፍሩ ጫረው። በመጨረሻ አራት ጣት አሳየና ዱላውን ሳይመታ መሬት ላይ አጋደመው። አሮጊቷ ምንጣፏ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ከጎኗ ካለው ክምር አንድ ሥር አነሣችና መላጥ ጀመረች።

ዘርፉ ቅሏን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ወደ ስንጥቁ ሄደች። ሁለት ፀሐይ ያጋለው መሬት እግሯን ይለበልባል፤ አሁንም አሁንም ትዘላለች። ምንተስኖት ጫማዋን በእጁ አንጠልጥሎ፣ የሰረቀ ይመስል አቀርቅሮ ተከተላት። ሁለት ጊዜ አፉን ሊከፍት ሞከረ። ሁለቱንም ጊዜ ሳትዞር «ዝም በል!» አለችው።

በአለቱ ሾልከው ወጡ። የሐይቁ ነፋስ ፊታቸውን መታቸው፤ ከአስፋልቱ በኩል የከባድ መኪና ጥሩምባ ተሰማ። ምንተስኖት ተንበርክኮ ጫማዋን እግሯ ሥር አስቀመጠ፤ ነጠላዋን አጣጥፎ፣ ቀለበቷን በላዩ አድርጎ ከጎኑ አኖረ። ቀና ብሎ ፈርቶ ያያታል።

ዘርፉ ዞር ብላ ስንጥቁን አየች። የሚከተላቸው የለም።

«አሁን ‹ይውሰዱት› ማለት ትችላለህ» አለችው፣ እግሯን እየዘረጋች።