የሉሁ ውሃ

«ቁርአን የታጠበበት ውሃ እግር የሚረግጠው ቦታ ላይ አይፈስም።» ሀሊሞ ይህን የሰማችው ልጅ ሳለች ሐርላ መንደር ነው፤ ከአጥር ወዲያ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ። ቀጥለው ያሉትን ግን ረስታዋለች።

አሁን የሰፈሩ ሼህ ለፈውስ የጻፉትን የቁርአን አንቀጽ ከእንጨት ሰሌዳው፣ ከሉሁ ላይ አጥበው ያመጡላትን ብርጭቆ በሁለት እጇ ይዛ አልጠጣም አለች። አዲስ አበባ ለነቀርሳው የተወጋችው መርፌ ጠጉሯን አርግፎ፣ የቀመሰችውን ሁሉ ያስመልሳት ነበር። ሁለተኛው መርፌ ሐሙስ ነው፤ እሷ ግን አልሄድም ብላለች። ባሏ ወደዚያው የሚወስዳትን የባቡር ትኬት ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።

«ጠጪ እንጂ፣ ሀሊሞ። ሐኪምሽ የፈላ ይሁን ስላለ አፍልቼዋለሁ፤ ዝንጅብልም አለበት» አሏት ሼሁ።

«ያስመልሰኛል» አለች በደከመ ድምፅ። «የአላህን ቃል መሬት ላይ ልትፋው?»

ሼሁ ቀና ብለው አዩዋት። «ጠጪ እያልኩ ሦስት ቀን ያስለመንሽኝ ለዚህ ነው? እግር የሚረግጠው ላይ አይፈስም፤ የተረፈው ለዛፍ ሥር ይሰጣል። እናቶቻችን እንዲህ ነው የሚሉት።»

ባሏ ትኬቱን ኪሱ ከተተና ደግፎ አወጣት፤ ግቢው ጥግ ካለው የዘይቱን ዛፍ ሥር በርጩማ ላይ አስቀመጣት። «ብትመልሺውም ዘይቱኑ ይጠጣዋል» አለ። «እሱ እንዳንቺ አያማርጥም።»

ቢስሚላህ ብላ ሦስት ጊዜ ተጎነጨች። ግንዱን ተደግፋ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። አላስመለሳትም።

«እሺ፣ ሐሙስ እሄዳለሁ» አለች። «ለባቡሩ ግን ተራ ውሃ ያዝልኝ። እዚያ ዛፍ የለም።»