የዋንዛው እጀታ

ሽማግሌው በዶርዜ ገበያ መሐል የወይራውን እጀታ ጨብጦ ዶማ እንደሚያነሣ ሰው ወደ ላይ አነሣው። ከትከሻው በላይ አልሄደለትም። እጀታው ወደ መሬት ወረደ። ዝናቡ ጀምሯል፤ የድንች ማሳው ግን ገና አልተቆፈረም። አሮጌው የወይራ እጀታው ከተሰበረ ወዲህ ሌላ አልገዛም ነበር።

«ወይራ ለጎረምሳ ነው፣ አባባ» አለ ሻጩ፣ ቀለል ያለ የዋንዛ እጀታ እየዘረጋለት። «ለእርስዎ ክንድ ይኼ ይስማማል። አያደክምዎትም።» በወጣትነቱ በቁፋሮ ይቀድማቸው የነበሩ ጎረቤቶቹ አጠገቡ ቆመው ያያሉ። ሽማግሌው እጁን ወደ ዋንዛው አልዘረጋም። «ወይራ ነው የለመድኩት» አለ።

«ዋንዛውን ለኔ ስጠኝ» አለች ከሽማግሌው ኋላ የቆመችው ሚስቱ ድንገት። «የጓሮዬን ጎመን ልቆፍርበት ነው።» ወንዶቹ በሳቅ ፈነዱ፤ በእነሱ ዘንድ ዶማ የወንድ ነው፣ ሴት አትቆፍርበትም። «በይ እንግዲህ፣ ነገ ከኛ ጋር ለቁፋሮ ትሰለፊያለሽ!» አላት አንዱ። «አንተም ሱሪህን አውልቅና ስጣት» አለው ሌላው ሽማግሌውን። እሷ አንገቷን ደፍታ እጀታውን በነጠላዋ ሸፈነችው። ለማን እንደወሰደችው ሽማግሌው ያውቃል። «የኔ ነው» ቢል ሳቁ ወደ እሱ ይዞራል፤ እሷም ቀና ትላለች። አፉን ከፈተ፤ ከሁሉም ይበልጥ ጮክ ብሎ ሳቀባት።