ሰይጣን የሚያጥበው ልብስ

የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ውሃውን አልደፋም ብሎ ልብሱን በሆዱ እንደያዘ ቆመ።

«ተናግሬ ነበር!» አሉ እማማ በለጥሻቸው ለምራታቸው፣ ከሶፋው ሳይነሱ። «ልብስ የሚታጠበው በእጅ ነው። የእኔን ነጠላ ሰይጣን አያጥብልኝም!»

እውነት ነው፤ ምራታቸው ሥራ ስትውል ነጠላቸውን በእጃቸው ፈትገው እንደሚያጥቡ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርተዋል።

ካቻቢቴ ይዛ ስትመጣ ሲያዩ ደግሞ ባሰባቸው። «ልጄ ሲመጣ ባለሙያ ይጥራ። አንቺ ምን አውቀሽ ትነካኪዋለሽ?»

«እጄ አልተቆረጠም፣ እማዬ» አለች ምራቲቱ።

ሶኬቱን ነቅላ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። ከማሽኑ ግርጌ ያለችውን ትንሽ ክዳን በካቻቢቴው ፈልቅቃ ማጣሪያውን ስትፈታው፣ የቆሸሸው ውሃ ተንዶልዱሎ ቀሚሷን አራሰው።

«አላልኩሽም!» አሉ እማማ።

እጇን ወደ ውስጥ ሰደደችና ውሃውን የዘጋውን ነገር ጎትታ አወጣችው። ክሩ የተበጠሰ መቁጠሪያ ነው። እማማ በለጥሻቸው «ጠፋብኝ» ብለው ሳምንቱን ሙሉ ቤቱን ሲያተራምሱበት የሰነበቱት መቁጠሪያ፣ ከነእንጨት መስቀሉ።

ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው።

እማማ አገጫቸውን ቀና አደረጉ።

«ምን ታፈጪብኛለሽ? ይልቅ ቶሎ ግጠሚው! ነገ ማኅበር አለብኝ፤ ነጠላዬ ገና አልታጠበም።»