ሰንጢ የሌለው ሰው

ሥዩም ሞቶ የተገኘው ከወንዙ መሻገሪያ በላይ፣ ከቁልቋሉ ሥር ነው። አንገቱ ላይ ተወግቷል። ከጎኑ አንድ ሰንጢ ተከፍቶ ወድቋል፤ ስለቱ ላይ ደም ደርቆበታል።

ጭቃ ሹሙ ወልደ ገብርኤል ሰንጢውን በጨርቅ ጠቅልሎ አነሣና አዋጅ አስነገረ። የሽምብራ ሜዳ መንደር ወንድ ሁሉ ለአውጫጭኝ ይውጣ፤ ገዳዩ ሳይታወቅ ወደ ቤቱ የሚመለስ የለም።

ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው የከብት በረት ተጠርጎ ሰዉ ገባበት። በሩ በእሾህ ተዘጋ። ሴቶች ስንቅ በአጥሩ ላይ እያቀበሉ ይመለሳሉ። ወሩ ኅዳር ነው፤ ገብሱ ደርሷል፤ ገሚሱ ታጭዶ ገሚሱ ቆሟል። በስማዳ በኩል ያለ ወቅቱ የመጣ ደመና ተቆልሏል።

የተገኘው ሰንጢ ከማንም ሰንጢ አይለይም። አርብ ገበያ ላይ ነጋዴ ከጆንያ ዘርግፎ የሚሸጠው፣ እጀታው እንጨት፣ ስለቱ ጥቁር ብረት የሆነ ተጣጣፊ ሰንጢ ነው። ርካሽ ነው። ጤዛ ካገኘው ይዝጋል፤ ድንጋይ ላይ ካሹት ግን ጠጉር ይላጫል። ጠፍር የሚበጣው፣ እሾህ የሚወጣው፣ ሥጋ የሚቆረጠው በእሱ ነው። በዚያ አገር ያለ ሰንጢ የሚሄድ ወንድ የለም።

"ነገሩ ቀላል ነው" አለ ጭቃ ሹሙ። "ሰንጢው የጠፋበት ሰው እሱ ገዳዩ ነው። አውጡ!"

እየዞረ አየ። አንዳንዱ ከኪሱ፣ አንዳንዱ ከመቀነቱ እያወጣ ከፍቶ አሳየው። መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል እንኳ ብርዕ የሚቀርጹበትን አሳዩ። ደምሌ ዘንድ ሲደርስ ደምሌ ባዶ እጁን ዘረጋ።

"የታለ?"

"አጨዳ ላይ ወደቀብኝ።"

"መቼ?"

"ሥዩም ከመሞቱ በፊት። ነዶ ሳስር ይመስለኛል።"

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ደምሌና ሥዩም በወሰን እንደተጣሉ የማያውቅ የለም። ሥዩም "ንፋስ መውጫ ከተማ ወጥቼ እከሳለሁ" እያለ ሲዝት ነበር የከረመው። ማንን እንደሚከስ የጠየቀው አልነበረም፤ መጠየቅም ያስፈለገው የለም።

ሽማግሌዎቹ ወፍ አወጡ። እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ቀርቦ፣ "ወፌ እንዲህ አለችኝ" እያለ የጠረጠረውን ይናገራል። ማን ምን እንዳለ አይገለጥም። የብዙው ሰው ወፍ ደምሌን ጠራች።

"እመን" አለው ሞላ፤ በሠርጉ ሚዜው የነበረ ሰው ነው።

"ያላደረግሁትን?"

"ልጆቼ ክረምቱን የሚወጡት በዚያ ገብስ ነው። ደመናውን አታይም?"

ደምሌ ደመናውን አየ። ሞላም ጋቢውን ሰብስቦ ወደ ሌላው ጥግ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ከደምሌ ጎን የተቀመጠ ሰው የለም።

ጭቃ ሹሙ ግን ክፉ አልነበረም። የራሱን ቡልኮ አልብሶት አጠገቡ ቁጢጥ አለ። "ቶሎ ብትናገር ይሻልሃል፣ ደምሌ" አለው በለሆሳስ። "ከሟች ዘመዶች እኔ ራሴ አስታርቅሃለሁ። ይህን ሁሉ ሰው ስለምን ታስጨርሳለህ?"

የደምሌ ሚስት ሙሉነሽ ስንቁን ይዛ መጣች። ደምሌ ምግቡን አልተቀበላትም።

"ሰንጢዬን ፈልጊው" አላት በአጥሩ ቀዳዳ። "ነዶውን ሁሉ ፍቺው።"

ፈታችው። ሌላው የቆመ ገብሱን ለማትረፍ ሲራወጥ እሷ የታሰረውን ትበትናለች፤ ቃርሚያውን በእጇ ትዳብሳለች። እየመጣች አጥሩ ሥር ትቆማለች፤ ደምሌ ፊቷን አይቶ ሳይጠይቃት ይመለሳል። በረቱ እየጠበበ፣ እየከረፋ ሄደ። ሰዎቹ መነጋገር ተዉ። ደምሌም እንቅልፍ አጥቶ፣ "ምናልባት እኔ ሆኜ ይሆን?" እስኪል ድረስ ራሱን መጠርጠር ጀመረ።

በመጨረሻ እመን እመን ሲሉት "እሺ" ሊል አፉን ሲከፍት፣ ከውጭ ጩኸት ተሰማ።

"አገኘሁት!"

ሙሉነሽ ነበረች። እጆቿ በአገዳ ተበጣጥሰው ደምተዋል። ሰንጢውን በአጥሩ ላይ ወረወረችው፤ መሪጌታ አነሡት። በዝገት ቀልቷል። መገጣጠሚያው ውስጥ የገብስ ገለባ ገብቶ አልከፈት አላቸው።

"ይህ ጤዛ ላይ ሲያድር ሲውል የከረመ ነው" አሉ መሪጌታ።

ሰዉ አጉረመረመ። ጭቃ ሹሙ ተቀብሎ አገላበጠው።

"ብረት ጨው ውሃ ውስጥ ካደረ እንዲህ ነው የሚሆነው" አለ። "ሚስት ለባሏ ስትል የማታደርገው የለም።"

ያን ጊዜ ነጎድጓድ አጓራ። የመጀመሪያዋ የበረዶ ፍሬ በረቱ መካከል ወድቃ ነጠረች።

"ገብሳችን አለቀ!" አለ አንዱ።

"እሰሩትና እንውጣ!" ሌላው ተቀበለ። "እሰሩት!"

ደምሌን አጋደሙት። ሙሉነሽ እሾሁን በእጇ ልትነቅል ስትታገል ሴቶች ያዟት። ከጭቃ ሹሙ በቅሎ ላይ የጭነት ገመድ ተፈትቶ መጣ። ገመዱ ረዘመ። ሞላ ሊቆርጠው ሰንጢውን ሲያወጣ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል እጁን ያዙት። የዛገውን ሰንጢ እያዩ ነበር።

"ቆይ፣ ሞላ" አሉ። "እኛ ሁላችንም ሰንጢያችንን አሳይተናል።"

ገመዱን በሁለት እጃቸው ወጥረው ወደ ጭቃ ሹሙ ዞሩ።

"እርስዎ በራስዎ ሰንጢ ይቁረጡት።"

ጭቃ ሹሙ ወልደ ገብርኤል እጁን ወደ ኮቱ ኪስ ሰደደ፤ እጁም ከዚያ ሳይወጣ ቀረ።