የማያልፈው ሰው

ለምን አያልፈኝም? ክሎቲልድ ይህን ጥያቄ ሦስት ዓመት ሙሉ ይዛው ኖራለች።

ክሎቲልድ የመንደሩ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፤ ዳቦ ቤት ገብታ ሁለት ጊዜ "ምን አልሽኝ?" ሳትባል ዳቦ አግኝታ አታውቅም። ቅዳሜ ጠዋት ግን ማንንም ማናገር የለባትም። ብስክሌቷን አውጥታ በፈረንሳዩ የማየን ወንዝ ዳር፣ ድሮ ፈረሶች ጀልባ ይጎትቱበት በነበረው መንገድ፣ ሃያ ኪሎ ሜትር ትነዳለች። መኪና አይገባበትም። ከሳምንቱ ውስጥ የራሷ የምትለው ያቺን ጠዋት ብቻ ነው።

ሰውየው የሚመጣው ከሦስተኛው የውሃ በር፣ ጀልባ ለማሳለፍ ወንዙ ከሚገደብበት፣ በኋላ ነው። ስድሳ ዓመት ያለፈው፣ ረጅም፣ ግራጫ ሹራብ የማይለየው ሰው። ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ይከተላታል። ስትፈጥን ይፈጥናል፤ ስታዘግም ያዘግማል። የውሃ በር ሲደርስ ወርዶ አጥሩን ይዞ በእግሩ ይሻገራል፤ የሚቸኩል ሰው አይመስልም። ነፋስ ባለበት ቀን ደግሞ ይጠጋል።

መጀመሪያ ሰሞን ዳር ይዛ "ይለፉ" የሚል ምልክት በእጇ ሰጠችው። አላለፈም። አጸፋም አልመለሰላትም። ስትቆም ቆመ፤ አንገቱን ወደ ወንዙ ዘንበል አድርጎ ቆየ፤ ስትነሣ ተነሣ።

አንድ ቅዳሜ ከዛፎቹ ጀርባ ተደበቀች። ሰውየው የጠፋችበት ቦታ ሲደርስ ወረደ። ራሱን ወዲያና ወዲህ አዞረ። ከመንገዱ ግን አንድ እርምጃ አልወጣም፤ ግማሽ ሰዓት እዚያው ተገትሮ ቆየና ብስክሌቱን እየገፋ በመጣበት ተመለሰ። ክሎቲልድ ቤቷ ገብታ በሩን ሁለት ጊዜ ቆለፈች።

"አፍቅሮሽ ይሆናላ!" አለች እህቷ ሶሌን እየሳቀች። "አንቺም ዝም ስለምትይ እሺ ያልሽው መስሎታል።"

"አትቀልጂ።"

"እንግዲያው ዞር በይና 'ምን ፈልገህ ነው?' በይው። አፍ የለሽም?"

አፍ ነበራት። ሞክራም ነበር፤ ድምፅዋ ግን ከብስክሌቷ መሪ አላለፈም።

ፖሊስ ጣቢያም ሄደች።

"ነካዎት?" አላት ፖሊሱ።

"አልነካኝም።"

"ሰደበዎት?"

"ቃል ተናግሮኝ አያውቅም።"

"ታዲያ ምን ብዬ ልመዝግብ፣ ማድሟዜል? ቀድሞ አለማለፍ እኮ ወንጀል አይደለም። ለምን ሌላ መንገድ አይሞክሩም?"

ሌላው መንገድ የከባድ መኪና መንገድ ነው። አመስግና ወጣች።

መጋቢት ላይ ብስክሌቷን ጠጋኝ ጋ ወሰደችው። የኋላ ጎማው ጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎው፣ መላላት ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል፤ በሄደች ቁጥር ቀጭ ቀጭ ይላል።

"ይሄ እኮ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ያስንቃል!" አለ ጠጋኙ። "እንዴት ቻልሽው?"

አፈረች። ብሎኑን አጥብቆ ሰጣት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ብስክሌቷ እንደ ድመት ኮሽታ ሳያሰማ ይሄድ ነበር። ሰውየው ከሦስተኛው የውሃ በር አጠገብ ብስክሌቱን ይዞ ቆሟል። ሹልክ ብላ አለፈችው። ቀና ያለው ካለፈችው በኋላ ነው። "ተገላገልኩ" ብላ ትንሽ እንደሄደች የጎማ ድምፅ ሰማች። ሃያ እርምጃ የነበረው አምስት ሆነ። ከዚያ ሁለት። ትንፋሹ ተሰማት። የፊት ጎማው የኋላ ጎማዋን ነካ።

ክሎቲልድ ባላት ኃይል ፔዳሉን ረገጠች። የዛፍ ሥሮች መንገዱን ወዳሳበጡበት መታጠፊያ ስትደርስ እየበረረች ነበር። ጥቂት ቆይቶ ከኋላዋ የብረት ድምፅ፣ ከዚያም አጭር ጩኸት ሰማች።

አልዞረችም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰውየው አልነበረም። ከዚያም በኋላ ባለው አልነበረም። መንገዱ እንደተመኘችው ባዶ ሆነላት። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ እሷ ግን ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ ነበር የምትነዳው። ያን ጩኸት ስንት ጊዜ እንደሰማችው አታውቅም፤ ማታም፣ መጻሕፍት ስትደረድርም።

በአራተኛው ሳምንት አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ ሦስተኛው የውሃ በር ላይ ወረደች። የበሩ ጠባቂ፣ ሮዝሊን የሚሏት ወፍራም ሴት፣ የበሩን መክፈቻ ጥርሶች የግራሶ ቅባት እየቀባች ነበር።

"እዚህ የነበሩት... ግራጫ ሹራብ የሚለብሱት ሰውዬ..."

"ምን አልሽኝ?"

ደገመችላት።

"ሙስዬ ፉሻር? ክንዱ በጀሶ ነው፣ የኔ ልጅ! መታጠፊያው ላይ ሳማ ውስጥ ተዘርሮ አገኘነው፤ ፊቱ ተለብልቦ፣ ተለብልቦ! ልጆቹ 'ብስክሌቱን ሽጠው፣ በቃህ' ቢሉት እንደ በቅሎ እምቢ ብሏል። 'የቅዳሜዋን ልጅ እጠብቃለሁ' ነው መልሱ። ቀጭ ቀጭ እያለች ትመጣለች አሉ። እሷ ከፊት ካለች መንገዱ አይጠፋኝም ይላል።"

ክሎቲልድ የብስክሌቷን መሪ ጨብጣ ቀረች።

"ያን ዕለት ምን እንደሆነች እንጃ፣ ድምፅዋ ጠፋበት።" ሮዝሊን እጇን በጨርቅ ጠረገች። "በጆሮው ነው እኮ የሚነዳው፤ ዓይኑ ከጨለመ አምስት ዓመቱ። አታውቂም ነበር እንዴ?"

ጀሶው በወለቀ በመጀመሪያው ቅዳሜ ክሎቲልድ የፓራፋንጎዋን ብሎን መልሳ አላልታ፣ ከሦስተኛው የውሃ በር ከእሱ ሃያ እርምጃ ቀድማ ተነሣች፤ መታጠፊያው ጋ ስትደርስም፣ ወንዝ ማዶ የሚግጡት ላሞች ቀና እስኪሉ ድረስ፣ ሳትዞር ጮኸች፦ "ሥር አለ በስተቀኝ! ወደ ግራ፣ ሙስዬ ፉሻር፣ ወደ ግራ ይያዙ!"